የውብአየሁን ግንብ እሳት ፍለጋ

ሰኔ 12 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ጻፍ። እኔ ክንዴ ቢሻው ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትም። ፈረስ ገርቻለሁ፣ ጫካ መንጥሬአለሁ፣ ጣሊያንን አድፍጬ መትቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ አንድም ፊደል አላስፈለገኝም። አሁን ያስፈለገኝ አባቴን የገደሉት በወረቀት ስለሆነ ነው። ወረቀት ላይ ስተኩስ ብውል ምን አገኛለሁ? ስለዚህ በወረቀት እመጣባቸዋለሁ።

የሚጽፍልኝ ዓብዱልሀሚድ ነው፤ እንጅባራ ላይ አቡጀዲና ጨው፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጠው። ለምን ቄስ አላስጻፍህም ለሚለኝ፦ የቄስ ብዕር ባለ መሬቱን ግራዝማች አድማሴን ይፈራል። የዓብዱልሀሚድ ብዕር አላህን ብቻ ነው የሚፈራ፤ እሱ ይበቃኛል። ይህን ሲጽፍ ሳቀ። ሳቀ ብለህ ጻፍ።

ዛሬ ሚካኤል ነበር። እንደ ልማዴ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በር ተሳልሜ ሳልገባ ተመለስሁ። በሩ ላይ በሰው ዓይን ልክ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋን ብረት ነው፤ ግንባሬ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከተሳለምሁ በኋላ ከውጭ፣ ከኮሶው ሥር፣ አባቴ ዘንድ እቀመጣለሁ። አባቴ የምለው የድንጋይ ክምር ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን በር አልተሻገርሁም። ልጆቼን ክርስትና ያስነሣሁት ዘንገና ሐይቅ ማዶ ካለው ደብር ነው። አባቴ ሳይገባ አልገባም ብዬ ምያለሁ።

ግራዝማች አድማሴ በበቅሎው ሲያልፍ አየኝና ጥላ ለያዘለት ሰው «ያ ሰው ኮሶው ሥር እሳት እንዳይጭር እዩት» አለ። ሳቁ። ባልቴቶች እንኳ ሳቁ።

ነገሩን ለማያውቅ ልናገር። የአድማሴ አባት ቀኛዝማች ውብአየሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ አምባው ላይ፣ ባለ ደርብ ግንብ ነበረው። አባቴ ቢሻው ፈንቴ የግንቡ በር ጠባቂ ነበር። ከቤቱ ሰው በቀር አምባው ላይ የሚወጣ አልነበረም፤ እኔም ግንቡን ከሩቅ ነው የማውቀው። በ1906 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የሚካኤል ክዳን ሊታደስ ተነሥቶ ንዋየ ቅድሳቱ ለጊዜው ግንቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ግንቡ ነደደ። ቢሻው ነው ያነደደው አሉ። አባቴን ዳንግላ ወስደው ፈረዱበት፤ ዓመት ያህል በእግር ብረት ቆይቶ ሞተ። የሚካኤልን ልብስ ያቃጠለ ብለው ካህናቱ አውግዘውት ነበርና ሬሳው ከቅጥሩ በር ተመለሰ፤ ከኮሶው ሥር ቀበርነው። አሥራ አምስት ዓመት አይሞላኝም ነበር፤ ሬሳውን በአንድ በኩል የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

ባለፈው ወር ገበዙን አባ ምህረቴን «አባቴን አስገቡልኝ» ብላቸው «አለማቃጠሉን የሚያስረዳ ጽሑፍ ያምጡና እንነጋገራለን» አሉኝ። አመጣለሁ። ማን እንዳቃጠለው አገኛለሁ። ከዚያ አድማሴ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጄ ላይ ይቅር በለኝ ይላል። ይቅር እላለሁ አላልሁም።

ሰኔ 15

ችኮላ ላይ ነኝ፤ ድንቹ አልተኮተኮተም።

ሱቅ ውስጥ አንድ የአድማሴ ጭሰኛ ክብሪት ስገዛ አየኝና «ዓብዱልሀሚድ፣ ለአያ ክንዴ ክብሪት ስትሸጥ ዋስ አትጠራም?» አለ።

ዓብዱልሀሚድ «ለአንተ ገመድ ስሸጥስ ዋስ ጠርቻለሁ?» አለው።

ሰውየው በፊት በሬ ሰርቆ ታስሯል። ወጣ። ይህን ዓብዱልሀሚድ መጻፍ አልፈለገም። ጻፍ ብዬዋለሁ።

ሰኔ 21

ዛሬ የሆንሁትን ልንገርህ። ቤት ውስጥ ኮርቻ ስጠግን ተኩስ ሰማሁ። ጧ! ጧ! ብድግ ብዬ ወጣሁ። ከአምባው ላይ ጭስ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያኔም እንዲሁ ነበር። ከአጎቴ ጋር ዘንገና ማዶ ቀርቀሃ ስንቆርጥ ነው ያየሁት፤ እንዲሁ ጥቁር ጭስ፣ እንዲሁ ጧ! ጧ!። «አጎቴ፣ ጦርነት ነው» ስለው «ጦርነት አይደለም፤ ቀርቀሃ ነው እሳት ውስጥ የሚፈነዳ» አለኝ። ማታ ስንመለስ ግንቡ ነደደ የሚል ወሬ ጠበቀን።

ጦሬን ይዤ ሮጥሁ። ባለቤቴ ውዴ ከኋላ «ኧረ ይመለሱ! ቄሶቹ ናቸው! የቤተልሔሙን ክዳን አንሥተው አሮጌውን እያቃጠሉ ነው!» ትላለች።

እውነቷን ነው። የቤተ ክርስቲያን ክዳን አርጅቶ ሲነሣ ለከብት አይጣል፣ ለማገዶ አይወሰድ፤ ሰው እንዳይረግጠው እዚያው ይቃጠላል። የቀርቀሃው ማገር ነው የሚፈነዳው። ከእኛ ቤት ሲያዩት ቤተ ክርስቲያኑና አምባው አንድ ላይ ስለሚታዩ ጭሱ ከአምባው የወጣ ይመስላል እንጂ ከታች ነው።

ጦር ይዤ ስሮጥ ጎረቤት ሁሉ አየኝ። ነገ ሌላ ሳቅ አገኙ። የምበቀለው ይኼንንም ጨምሬ ነው።

ሰኔ 29

አባ ምህረቴ ትልቁን ወንጌል አውጥተው ቅጠል ቅጠሉን ገለጡልኝ። በዳርቻው የጥንት ሰዎች የጻፉት አለ፤ ማን መሬት እንደ ሰጠ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ታረቀ። እኔ ከበሩ ውጭ፣ እሳቸው ከበሩ ውስጥ ሆነው ነው። ወንጌሉን ይዤ አልወጣም አሉ፤ እኔም አልገባም አልሁ። ዝናቡ መካከላችን ይወርዳል።

ስለ እሳቱ አንድም ቃል የለም። በ1907 ግን «ቀኛዝማች ውብአየሁ ለቅዱስ ሚካኤል አዲስ ልብሰ ተክህኖ፣ ሁለት ጥላ፣ ለቅጥሩም ድንጋይና በር ሰጠ፤ ስሙ በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍ» ይላል።

«ድጋሚ ያንብቡት» አልሁ። አነበቡት።

አያችሁት? አባቴ በእግር ብረት ሲማቅቅ እሱ ስሙን በወንጌል ዳርቻ ያስጽፋል። ከፈረሰው ግንቡ ድንጋይ አምጥቶ ቅጥር ሠራ፤ አባቴን ያ ቅጥር ከውጭ አስቀረው። እኔ ብሆን ድንጋዩን በራሱ ላይ ነበር የምከምረው።

አባ ምህረቴ «ይኼ ማቃጠሉንም አለማቃጠሉንም አያሳይም አያ ክንዴ» አሉ።

«እኔም ለእርስዎ የማሳየው ሌላ ነው» አልሁና ሄድሁ። የማሳየው ግን ገና አልነበረኝም።

ሐምሌ 6፣ ዳንግላ

ይህን የጻፈልኝ የመዝገብ ጠባቂው አዝመራው ነው፤ ለዓብዱልሀሚድ አምጥቼ አስቀጥለዋለሁ።

መንገዱ ጭቃ ነው። ፈረሴ ሁለት ጊዜ ወደቀ። አዝመራው ልጅ እግር ነው፤ አንቱ ይለኛል፤ ወንበር ሰጠኝ። የጥንቱ ፍርድ ከጣሊያን የተረፈው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው አለ፤ አይጥ በልቶታል፣ ተራም የለውም። «ጊዜ ይሰጡኛል?» አለ።

«ጊዜ ያለኝ ይመስልሃል? ጥርሴን ተመልከት» አልሁት።

ሳቀ። እፈልገዋለሁ አለ።

ሐምሌ 19፣ እንጅባራ

ተገኘ። ከዳንግላ ሳልበላ መጣሁ። ዓብዱልሀሚድ፣ ሱቁን ዝጋና ጻፍ።

አዝመራው ቆሞ ነው ያነበበልኝ። የቀኛዝማች ውብአየሁ ቃል እንዲህ ይላል፦ «ግንቤ በመጋቢት ነደደ። ለመንግሥት የሰበሰብሁት የግብር እህል፣ የሚካኤልም ንዋየ ቅድሳት አብሮ ነደደ። በር ጠባቂዬ ቢሻው በሩን ከውጭ ቆልፎ እሳት ከበሩ ጀመረ፤ በሩ አመድ ሆኗል፣ ብረቱ እንኳ ቀልጧል። ይህን በሚካኤል ስም እምላለሁ።» አገሩ ሁሉ ጭሱን ስላየ ሌላ ምስክር አላስፈለገም፤ ሥፍራውንም የሚያይ ሰው አልተላከም ይላል።

ከዚያ አዝመራው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «ቀጥል» አልሁት። «አባትዎ የተናገሩት ነው» አለ። «ቀጥል እኮ ነው የምልህ!»

«ተከሳሹ ሲጠየቅ፦ ያልነደደ ግንብ ማን ያቃጥላል? ብሎ በችሎቱ ላይ ስላላገጠ ጅራፍ ተጨመረበት።»

አባቴ! ለመትረፍ እንኳ ሌላ ነገር ማለት ያቅተው? አላየሁም ቢል፣ ተኝቼ ነበር ቢል፣ እገሌ ነው ቢል። ጭሱን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያልነደደ ይላቸዋል! እንዲህ ነበር፤ አፉ አይገራም። ሰው እሱን ትመስላለህ ይለኛል።

አዝመራው ግልባጩን ከነማኅተሙ ሰጠኝ። ስወጣ ዝናብ ነበር። ፊቴ የራሰው በዝናቡ ነው።

ሐምሌ 20

የያዝሁት ወረቀት የሚረዳ ለአድማሴ ነው። ፈልጌ ፈልጌ ያመጣሁት የአባቴን ፍርድ ነው። ላቃጥለው ብዬ ነበር፤ ዓብዱልሀሚድ ክብሪት አልሰጥዎትም አለኝ። እሱም!

ሐምሌ 26

ከውዴ ጋር ተጣላሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እራት ላይ «ግራዝማች አድማሴን አፈር ሳላስግጥ አልሞትም» አልሁ።

«አድማሴ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለች።

«ጡት የተወ ሕፃን።»

«ታዲያ ምን አደረገ?»

«አባቱ አደረገ! እሱ ደግሞ ይስቃል!»

«የሳቀን ሰው ሁሉ አፈር የሚያስግጡ ከሆነ አገሩን ብቻዎን ሊኖሩበት ነው» አለች። ቀጥላም «ይኼ ሁሉ ለአባትዎ ነው፣ ወይስ ለራስዎ?» አለች።

ሳህኑን ወረወርሁ። እሷን አይደለም፤ ሳህኑን። የሴት ነገር ነው፤ ግን ጻፈው።

ሌላ ነገር። ሌሊት ሌሊት አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል። አባቴ አቃጥሎት ቢሆንስ? ከውብአየሁ ጋር በመሬት ተጣልቶ ነበር። «አንድ ቀን ታያላችሁ» ይል ነበር፤ እናቴ ነግራኛለች። ተናዶ ቢሆንስ? እኔ ብሆን... ይኼን አትጻፍ። ጻፍኸው? ሰርዘው።

ሰረዝሁት ይላል። ማንበብ ስለማልችል አምኜዋለሁ።

ሐምሌ 30

በአገውኛ አድማሴን የሰደብሁትን ዓብዱልሀሚድ በአማርኛ ሲያነብልኝ «እግዚአብሔር ዋጋውን ይክፈለው» የሚል ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ አላልሁም። ያልሁት ከፈረስ ጭራ ጋር የተያያዘ ነበር። «አማርኛው አይችለውም» ይላል። ቋንቋው ነው ወይስ አንተ?

ነሐሴ 9

የፍልሰታ ጾም ነው። ሱባኤ የገቡት ሰዎች ቅጥሩን ሞልተውታል። እኔ ኮሶው ሥር ሆኜ ቅዳሴውን ከውጭ ሰማሁ።

ሲያበቃ እማሆይ ዘውድነሽ በሩን ተደግፋ ትወጣለች። ይህች አሮጊት ሁለት ዓመት ነው ከመጣች። ልጅ ሆና የውብአየሁ ቤት ገረድ ነበረች ይባላል፤ ከዚያ እሳት በፊት ወደ መተከል ድረዋት እዚያው ባሏን ቀብራ፣ መንኩሳ ተመልሳ ነው እዚህ ያረፈች። ዓይኗ ደክሟል። በሩን በእጇ እየዳበሰች ለምትመራት ሴት «ይኼን በር ስንቴ ቆልፌዋለሁ! መወርወሪያው ልጅነቴን ነው የጨረሰው» ስትል ሰማኋት።

ደጀ ሰላም ጠባቂ ሆና ነበር ማለት ነው። እኔ ቅጥሩን አልሻገርም፤ እሷ ትቆልፈዋለች። ሁሉም የየራሱ ዕድል አለው። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ።

ነሐሴ 10

ዓብዱልሀሚድን ከስግደቱ ላይ ነው ያገኘሁት። ቆሜ ጠበቅሁት። ጨርሶ ዞር ሲል «ያን ግልባጭ አምጣ» አልሁ። «የቀኛዝማቹን ቃል አንብብ። በሩን።»

«በሩ አመድ ሆኗል፣ ብረቱ እንኳ ቀልጧል።»

«ድገመው።»

ደገመው።

ዘውድነሽ ሁለት ዓመቷ ነው ከመጣች። ዓይኗ አያይም። የቤተ ክርስቲያን በር ቆልፋ አታውቅም። ልጅነቷን የጨረሰችው ግንቡ ውስጥ ነው።

ዓብዱልሀሚድ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ እያሰብሁ የነገርሁትን ጻፍ፦ ያን ወር የሚካኤል ክዳን ተነሥቷል። አሮጌው ክዳን ከነቀርቀሃው ተቃጥሏል። እኔ ከዘንገና ማዶ ያየሁት ጭስ፣ የሰማሁት ጧ ጧ... አገር ያየው ጭስ... ውብአየሁ የመንግሥቱን እህል በልቶ ነበር ማለት ነው። ጠያቂ መጣበት። ጭስ አየ። ግንቤ ነደደ አለ፤ የሚካኤልንም ንዋየ ቅድሳት አብሮ ነደደ ብሎ አስቀረው። ከዚያ አምባው የተረገመ ነው ብሎ ሰው አስከለከለ፤ ከሩቅ ሰው አምጥቶ አስፈረሰው።

ያልነደደ ግንብ ማን ያቃጥላል?

አባቴ አላላገጠም።

ነሐሴ 12

ሚካኤል። ማንም ሳይመጣ ማልጄ በሩ ዘንድ ሄድሁ። አርባ ስድስት ዓመት የተሳለምሁትን በር ዛሬ እንደ ፈረስ መረመርሁት። የጥድ ሳንቃ ነው። ቃጠሎ የለበትም፤ ጥላሸት የለበትም። ቀዳዳዋን ከውስጥ በእንጨት ወትፈዋታል፤ በጣቴ ገፋሁት፣ ወደቀ። ምን ያደርጋል የቤተ ክርስቲያን በር ላይ የዘበኛ ቀዳዳ? አባቴ በዚህች ቀዳዳ ነበር የሚያይ። መጥቶ የሚያንኳኳውን «ማነው?» እያለ። ሬሳው የተመለሰውም በዚሁ በር ነው። በሩን ፈጽሞ አቃጠልህ ያሉትን ሰው፣ በሩ ራሱ ቆሞ አትገባም አለው!

ሳልሳለመው ተመለስሁ። ከዚያ ከመንገድ ተመልሼ ተሳለምሁት።

አሁን ያዝሁህ አድማሴ።

ነሐሴ 21

አባ ምህረቴ ግልባጩን አነበቡ፤ በሩን አዩ፤ እማሆይ ዘውድነሽን ጠየቁ። «የግንቡ በር መሆኑን የማያውቅ አለ እንዴ?» አለቻቸው። «መወርወሪያው ላይ ሦስት ጥርስ አለ፤ መካከለኛው ተሰብሯል። እኔ ነኝ የሰበርሁት፤ ተገርፌበታለሁ።» ዳበሱት። መካከለኛው ስብር ነው።

አባ ምህረቴ ገርጥተው መጡ። «አያ ክንዴ፣ አባትዎ ይገባሉ። ፍትሐት እናደርግላቸዋለን። ብቻ ነገሩ በጸጥታ ይሁን። በምሥራቅ በኩል ቅጥሩ የተናደበት አለ፤ በማለዳ በዚያ...»

«በተናደ ቅጥር? እንደ ፍየል ሌባ?» አልሁ። «በበሩ ነው የሚገባው። በቀን። ሰው እያየ።»

«የግራዝማች ስም...»

«የአባቴ ስም አርባ ስድስት ዓመት ምን ሲሆን ኖረ?»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ጥሩ ሰው ናቸው። ፈሪ ናቸው እንጂ ጥሩ ሰው ናቸው።

ጳጉሜ 2

ሽማግሌ ኮሶው ሥር ተሰበሰበ። አገር መጣ። ግራዝማች አድማሴም መጣ፤ በበቅሎ ሳይሆን በእግሩ፤ ካባውን ለብሶ። ዓብዱልሀሚድ ግልባጩን አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ጨርቅ እንደሚሸጥ አድርጎ ሳይሆን ቀስ አድርጎ። በሩ አመድ ሆኗል የሚለው ላይ ሲደርስ «ቁም!» አልሁ። «ሁላችሁም ዙሩና ያን በር እዩ።»

ዞሩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «እኔ በዚህ በር ነው ያገባሁት» አለ፤ ለማንም ሳይሆን።

አድማሴ ተነሣ። ወደ በሩ ሄዶ ቀዳዳዋ ውስጥ ጣቱን ከተተ። ተመልሶ «አባቴ ሲሞት እዚህ በር ሥር ቅበሩኝ ብሎ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር» አለ። «አያ ክንዴ፣ እኔ ሲነገረኝ ያደግሁትን ነው የማውቀው።»

አያ ክንዴ አለኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንዲህ በቀላሉ ሊያመልጥ።

«የአባትህ አጥንት ከቅጥሩ ይውጣ» አልሁ። «ከኮሶው ሥር ቦታ ይለቀቅለታል።»

አገሩ አጉረመረመ። ሽማግሌዎቹ እግሬ ላይ ሊወድቁ ተነሡ። ያኔ ነው ጣዕሙን ያወቅሁት፤ አርባ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ጣዕም። አልዋሽም፤ ይጣፍጣል።

መስከረም 4 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ አሉ። ድንጋይ አልፈልግም አልሁ። ያለቀውን ስማ፦

አንደኛ፣ ውብአየሁ ባለበት ይተኛ። እኔ ግን የአባቴን ቦታ መረጥሁ፤ በውብአየሁና በቤተ መቅደሱ መካከል ነው። ሙታን ሲነሡ ውብአየሁ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት መጀመሪያ የሚያየው የቢሻውን ጀርባ ነው። አባ ምህረቴ ይህ ክርስቲያናዊ ሐሳብ አይደለም አሉ። ቦታው ባዶ ነው ወይስ አይደለም? አልሁ። ባዶ ነው አሉ።

ሁለተኛ፣ የአባቴን አጥንት አድማሴ ራሱ ተሸክሞ በበሩ ያስገባ። እሺ ብሏል።

ሦስተኛ፣ በሩ ይዘጋል። ከውስጥ ሆኜ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ይህን ለውዴ ስነግራት «አባቴ ሳይገባ አልገባም ይሉ አልነበር?» አለች።

ዘበኛ ከውስጥ ነው የሚቆመው አልኋት።

«ታዲያ እርስዎ ቀድመው ሊገቡ ነው?»

ተነሥቼ ወጣሁ። የሴት ነገር ነው።

መስከረም 11

አጥንቱን አወጣን። ዓብዱልሀሚድ አዲስ አቡጀዲ አመጣ፤ ዋጋ እንዳይጠሩ ብሎኛል፤ ስለዚህ አልጠራም። አባቴ ትልቅ ሰው ነበር፤ በቤታችን በር ጎንበስ ብሎ ነበር የሚወጣው። አሁን አንድ ሽማግሌ በእቅፉ የሚይዘው ሆነ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብረቱ የበላው ይታያል። ሁሉም እንዲያየው አደረግሁ። አድማሴም አየው።

መስከረም 12

አልቋል። ዓብዱልሀሚድ፣ በደንብ ጻፍ፤ ከዚህ በኋላ አላስቸግርህም።

ከቅዳሴ በኋላ ገባሁ። ቅጥሩ ውስጥ ሣሩ ረጅም ነው፤ ከውጭ ሲታይ እንደዚያ አይመስልም። ማንንም አላየሁም፤ በሩን ዘግቼ፣ ባለ ሦስት ጥርሱን መወርወሪያ ወርውሬ ቆምሁ። ካህናቱ ከኋላዬ፣ ሕዝቡ ከውጭ። ዝናብ ያኔ ጀመረ፤ የመስከረም አይመስልም፣ የሐምሌ ነው።

ተንኳኳ።

«ማነው?» አልሁ። የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«እኔ ነኝ፤ አድማሴ።»

«አንተን አልጠየቅሁም። የያዝኸው ማነው?»

«ቢሻው ነው።»

«የማን ልጅ?»

«ቢሻው ፈንቴ።»

«ምን ያደረገ?»

ዝናቡ በረታ። ከዚያ «ምንም ያላደረገ» አለ።

«አልሰማሁም! ዝናቡ ነው!»

«ምንም ያላደረገ!» ብሎ ጮኸ። «አባቴ የዋሸበት! የግንቡ በር ጠባቂ ቢሻው ፈንቴ ነው፤ ክፈትለት ይግባ!»

አገር ሰማ። የፈለግሁት ይኼ ነበር። እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር። ግን ፊቱን ማየት አማረኝ፤ በቀዳዳዋ ተመለከትሁ። የውብአየሁን ፊት የማይ መስሎኝ ነበር። ያየሁት አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ራሱ ተራቁቷል፤ ካባውን አውልቆ አቡጀዲውን ጠቅልሎበታል፣ አባቴ እንዳይርስ። እሱ ይንቀጠቀጣል። ጥቅሉን እንደ ሕፃን ወደ ደረቱ አስጠግቶታል።

ካህናቱ «አያ ክንዴ» አሉ። ውዴ ከውጭ «ኧረ በማርያም!» ስትል ሰማሁ። እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር።

ከዚያ ከፈትሁ። አባቴ ገባ። ፍትሐቱ ተደረገ። ቦታው ከውብአየሁ ቀድሞ፣ ወደ ቤተ መቅደሱ የቀረበው ነው። አድማሴ አፈር ከመለሱት አንዱ ነበር፤ ዛሬ ማታ ታሞ ተኝቷል ይላሉ።

ዓብዱልሀሚድ ከሕዝቡ ጋር ከውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነበር። አሁን እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሣና «አያ ክንዴ፣ ሳይከፍቱ ምን ያህል ቆዩ ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ከፈተ ብለህ ጻፍ አልሁት።